ገጽ አሥራ አራት ላይ የተኛው ሰው

ነሐሴ 19፣ ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

የከተማችን ዓመታዊ የእርሻ ትርኢት መጽሔት ዛሬ ከማተሚያ ቤት መጣልኝ። ካርቶኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሻይዬን ቀድቼ፣ እንደ ሰው ተረጋግቼ ገለጥኩት። የበግ ውድድር፣ ደህና። የዱባ፣ ደህና። የኬክና የማርማላታ፣ ደህና። ገጽ አሥራ አራት የኔ ክፍል ነው፤ «ፎቶ አይቶ ታሪክ መጻፍ»። ደንቡ በትክክል ታትሟል፦ «ከዚህ በታች ያለውን ፎቶ አይታችሁ የመጣላችሁን ታሪክ ጻፉ። ዕድሜ አይገድብም።» ከዚያ በታች በማዕበል መሃል የቆመ የመርከብ መብራት ማማ መኖር ነበረበት። ክረምቱን ሙሉ ስመርጥ የከረምኩት ማማ!

ማማው የለም። ኬልቪን ነው ያለው። ኬልቪን ስትራሃን፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ግማሽ ስፖንጅ ኬክ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጆሮዎቹ ብቻ የገጹን ሲሶ ይዘዋል።

ፎቶውን ለማተሚያ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። መነጽሬ ዓይኔ ላይ መሆን ሲገባው አናቴ ላይ ነበር። ስልኬ ውስጥ ማማውና ኬልቪን ጎን ለጎን ናቸው። ጣቴ ሳተ፣ አለቀ።

መጽሔቱ ደግሞ ለፖስታ ቤቱም፣ ለዳቦ ቤቱም፣ ለትምህርት ቤቱም ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ትናንት ታድሏል። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔማ ሳልፈራው ደረሰብኝ።

ነሐሴ 20

ቤሪል በጠዋት ደወለች። ቤሪል የትርኢቱ ሊቀ መንበርም የልጅነት ጓደኛዬም ናት፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላወቅሁም።

«ኖሪን፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል እንዴ?»

«ተኝቶ ነው።»

«አፉን እይው እስቲ! ደንግጬ ዳቦ ቤት ድረስ ሄጄ ‹በሕይወት አለ?› ብዬ ጠየቅሁ። ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ አገኘሁት። ለመሆኑ ማን ነው ያነሳው?»

«እኔ ምን አውቄ! የትርኢቱ ፋይል ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«የቱ ፋይል?»

«ቤሪል፣ ወተት ጥጃለሁ፣ ሊገነፍል ነው» ብዬ ዘጋሁባት። ወተት አልጣድኩም።

እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። ፎቶውን ያነሳሁት ለወንበሩ ስል ነው። የአዳራሹ ወንበሮች እግራቸው እየተከፈተ ሰው ሊጥሉ ነው፤ ለኮሚቴው ማስረጃ ማቅረብ ነበረብኝ። በቃ። እርግጥ የወንበሩ እግር ፎቶው ላይ አይታይም። ትንሽ ጠጋ ብዬ ስላነሳሁት ነው።

አምና ነው፣ ትርኢቱ ሲያልቅ። ሰው ሁሉ ርችት ሊያይ ወጥቶ አዳራሹ ጭር ብሏል። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ስለላጠኝ አውልቄው በካልሲ ነበርኩ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የባለቤቴ የሮድኒ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ግራጫው። በጥድፊያ የለበሰ ሰው የሚደርስበት ነው። ደግነቱ ማንም አላየኝም። ኬልቪን ከዱባዎቹ ጎን ተኝቷል። አነሳሁት። አንድ ነገርም አልኩት። ምን እንዳልኩት ሆድ ይፍጀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ቢሉም፣ ሰሚ ከሌለ የምን አፋፍ? ሰውዬው እንደ ግንድ ነበር የተኛው።

ከማማው ጎን ምን ወሰደው ለሚል ሰው፦ የምወዳቸውን ፎቶዎች የማኖርበት ቦታ ስላስቀመጥኩት ነው። እንዳይጠፋ። ለኮሚቴው።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ

ሄጄ ልንገረውና ይቅርታ ልጠይቀው ቆረጥኩ። ባዶ እጅ ስለማይኬድ ላሚንግተን፣ ያንን ቸኮሌት ተነክሮ ኮኮናት የሚነሰነስበትን ኬክ፣ ሠራሁ። ኮኮናቱ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

በሩ ላይ «የሚሸጥ» የሚለው ሰሌዳ እንደቆመ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል። ኩዊንስላንድ ያለች እህቱ ሊፍት ያለው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይዛለታለች አሉ። ሊፍት! ዕድሜውን ሙሉ ከበግ ጀርባ ከፍ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው። ይሂድ፣ እኔ ምን አገባኝ። የጋዝ ሲሊንደሬን ማን እንደሚያነሳልኝ ነው የሚያሳስበኝ።

የጸደይ ነገር ሆኖ ማግፓይ የምትባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ አጥራችን ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ጎጆዋን ሠርታ የአላፊ አግዳሚውን አናት መውቃት ጀምራለች። ኬልቪን እንደየዓመቱ የአይስክሬም ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቷል። ጆሮዎቹ አልገቡ ስላሉት ባልዲውን ግራና ቀኝ ቀዶላቸዋል።

«ኬልቪን፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

«ጋዙ አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የቀየርኩልሽ።»

«አላለቀም አልኩህ እኮ! ላሚንግተን አምጥቼልህ ነው።»

«ተባረኪ» ብሎ እዚያው አጥሩ ላይ ተደግፎ አራቱን ጠረገ። እኔም ሳልነግረው ተመለስኩ። ፈሪ።

ነሐሴ 24

ዛሬም ሄድኩ። ላሚንግተኑ ስላለቀ ባዶ ሳህኔን ልወስድ ነው ብዬ።

«ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ለጥፈውኛል» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ሥጋ ቤቱም ለጥፎኛል። ከጎኔ ‹ትኩስ ጉበት አለ› ይላል።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። «ተቀየምክ?»

«በማን? ሰው ተኝቶ ምን ይቀየማል። ኬኩ ግን ጥሩ ወጥቷል።» ከዚያ ባልዲውን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ። «ማን ነው ያነሳው ግን?»

«እኔ እንጃ!» አልኩ። በጣም ጮህኩ መሰለኝ፤ ውሻው ተነስቶ ሄደ።

ኬልቪን ውሻውን በዓይኑ ሸኘው። «እህ» አለ። «ማንም ይሁን ማን እጁ አልተንቀጠቀጠም።»

ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ስለ ፎቶ ጥራት ነው መሰለኝ።

መስከረም 2

ሌላ ጊዜ አራት ታሪክ ይመጣልኛል፤ ሦስቱ የቤሪል ናቸው። ዘንድሮ ገና ወር ሳይሞላው የጫማ ካርቶን ሞልቷል። አስተማሪዋ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ኬልቪን ላይ አሰማርታዋለች። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ማንበብና ቁጥር መስጠት የኔ ዕዳ ነው።

እስካሁን ኬልቪን የሞተበት፦ አሥራ አንድ። ኬኩ የገደለው፦ ዘጠኝ። አንዷ ልጅ ኬኩን የበላው በግ ነው፣ ኬልቪን የታሰረው በሐሰት ነው ትላለች። አንዱ ጆሮዎቹ የጉንዳን ወሬ ይሰማሉ ብሎ፣ የሰማውን የጉንዳን ሐሜት በሙሉ ጽፎልኛል። ሥጋ ቤቱ ራሱ ጽፏል! በሱ ታሪክ ኬልቪን ጉበት ቢበላ ኖሮ አይተኛም ነበር።

ስምንት ጊዜ በኬክ ሲሞት ሳነብ ቆይቼ ዘጠነኛው ላይ አለቀስኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ነው።

መስከረም 7፣ እሑድ

የማላመልጣት ቀን መጣች። በየዓመቱ ከትርኢቱ በፊት ከእሳት አደጋ ጣቢያው ኋላ ባለው ክፍል «ፎቶ አይቶ እንዴት ይጻፋል» የሚል ትምህርት እሰጣለሁ። ወትሮ ቤሪልና አንድ ከዝናብ የተጠለለ ሰው ነው የሚመጣው። ዛሬ ወንበር ጠፍቶ ሰው የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ላይ ተቀመጠ።

ጀመርኩ። «ፎቶውን ዝም ብላችሁ እዩት። የመጣላችሁን የመጀመሪያ ሐሳብ ጣሉት፣ እሱ የሁሉም ሰው ነው። ከዚያ ፎቶው ውስጥ የሌለውን ጠይቁ። ምን ይሸታል? ምን ይሰማል? ይሄ ከመሆኑ በፊት ምን ሆነ?»

በሩ ተከፈተና ኬልቪን ገባ። ባልዲውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከኋላ፣ ከቀዩ የእሳት አደጋ መኪና ጎማ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ አንዴ እሱን አንዴ ገጽ አሥራ አራትን ያያል። ፖሊስ ፊት ወንጀለኛ እንደሚለይ ምስክር።

ምን እያልኩ እንደነበር ጠፋኝ። «ምን ይሸታል» ብዬ ደገምኩ። «ምን ይሰማል።» ሦስተኛ ጊዜ «ምን ይሸታል» ስል አንዱ ልጅ «ዱባ!» ብሎ አዳነኝ።

ከዚያ ቤሪል እጇን አወጣች። መርገምት!

«ኖሪን፣ ዋናውን ረሳሽው እኮ። ሁልጊዜ የምትይው አለ፣ ‹ከሁሉ በፊት ፎቶውን ማን እንዳነሳው ጠይቁ፤ ታሪኩ እዚያ ነው ያለው› ትዪ ነበር።»

«እሱ ለማማ ነው» አልኩ። «ለማማ ነው የሚሠራው።»

«ለሰው ለምን አይሠራም?»

«ሻይ ደርሷል!» አልኩ። ሻይ አልደረሰም። ሁላቸውም ተነስተው ባዶ ማንቆርቆሪያ ዙሪያ ቆሙ።

ኬልቪን ሲወጣ እርሳስ ለመነኝ። ለበግ ቁጥር ነው መሰለኝ። የኔን ሰጠሁት።

መስከረም 14

ገዢዎች መጡ። ባልና ሚስት፣ ከሜልቦርን፣ አቧራ የማያውቅ ነጭ መኪና ይዘው። ኬልቪን ጓሮውን ሲያሳያቸው እኔ በአጋጣሚ አጥሩ ላይ ነበርኩ። የማይጠጣ አበባ ውሃ እያጠጣሁ። ፕላስቲክ ነው።

ሚስትየዋ ጠጋ አለችና «እባብ አለ?» አለችኝ።

«እባብማ ሞልቶ! ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?»

«ሽታስ?»

«በጎች ያሉበት ቤት ነው የኔ እህት። ነፋሱ ሲዞር ልብስሽን አውጥተሽ ትጥያለሽ።»

ሰው ማወቅ ያለበትን መናገር ጽድቅ እንጂ ኃጢአት አይደለም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የከተማ ሰው የነገሩትን ሁሉ ይወዳል። «እንዴት ደስ ይላል፣ እውነተኛ ገጠር!» ትላለች። ማግፓይዋ ወርዳ የባልየውን ራሰ በራ ሁለት ጊዜ ወቃችው። ልቤ በደስታ ዘለለ። እሱ ግን «ዱር አራዊት!» ብሎ ሳቀ። እየደማ ይስቃል! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሲሄዱ ኬልቪን ወደ አጥሩ መጣ። «ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ስለ አየሩ አውርተን ነው።»

«ሴትየዋ ‹ጎረቤትዎ ደስ የምትል አስፈሪ ናት› አለችኝ።»

መስከረም 19

ቤሪል የራሷን አመጣች። አሥራ አራት ገጽ፣ በሐምራዊ ሪባን የታሰረ። እዚህ የምጽፈው ንዴቴ እንዲወጣልኝ ነው።

በሷ ታሪክ የተኛው ሰው የተደገመበት ባለጸጋ ነው። ከተማው ሁሉ ቢጮኽበት አይነቃም። አንዲት «ሜሪል» የምትባል ቆንጆ የትርኢት ሊቀ መንበር መጥታ ግንባሩን ስትስመው ይነቃል። ከዚያ አራት ገጽ ሙሉ በአንድ ሠረገላ ይጓዛሉ። ሰውየው «ኬልቪን» አይባልም፣ «ሜልቪን» ነው።

«እንዴት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ረዝሟል።»

«አንቺ ቅር ያለሽ ትመስያለሽ።»

«እኔ? በሥነ ጽሑፍ ደረጃ ነው ቅር ያለኝ። የሰው ግንባር እንዲህ ተኝቶ ሳለ ዝም ብሎ አይሳምም። ነውር ነው።»

«ተረት እኮ ነው ኖሪን።»

«ተረትም ወግ አለው!»

እንዴት እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ አልወደድኩላትም። ስትወጣ ለራሷ እየዘፈነች ነበር።

መስከረም 28

ሰዎቹ ዋጋ ሰጡ። ጥሩ ዋጋ ነው አሉ። ኬልቪን «ከትርኢቱ በኋላ መልስ እሰጣለሁ» ብሏቸዋል። ይሄን የሰማሁት ከሱ አይደለም፤ ከሥጋ ቤቱ ነው።

ከሰዓት ደውዬ ጋዜን እንዲያይልኝ ጠራሁት። መጣ፣ ሲሊንደሩን አንዴ ነቅነቅ አደረገው።

«ሙሉ ነው ኖሪን።»

«አዎ? የመለኪያው መርፌ ባዶ ያሳያል።»

«መርፌ የለውም።»

ሻይ ላፍላ ልለው ነበር፣ በምትኩ ሲሊንደሩን በጨርቅ ወለወልኩ። «እንግዲህ» አለና ባልዲውን ደፍቶ ሄደ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ሊፍት ያለበት ፎቅ ላይ ማን ላሚንግተን ይሠራለታል? እዚያ ማግፓይ አለች? ባልዲውን ምን ያደርገዋል? ሮድኒ ከሞተ ጀምሮ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የዚያን ሰውዬ ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ሲያልፍ ነው። ይሄው ነው። ጭንቅላት ማየት ስለለመድኩ ነው።

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ መቀበያው ዘጋ። አርባ ታሪክ! ቁጥር ሰጥቼ፣ ስሞቹን በፖስታ አሽጌ፣ ሳጥኑን ለዳኛዋ ላስረክብ ስል በሩ ሥር ሽው የሚል ነገር ሰማሁ። አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው፣ የበግ መድኃኒት የመጣበት፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። ስም የለው፣ ፖስታ የለው። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም፤ ማግፓይዋ ብቻ አጥሩ ላይ ተናዳ ትጮኻለች።

ደንቡ ስም የሌለውን ይጣል አይልም። ዳኛዋ፣ ወይዘሮ ሉድሎው፣ ከወዲያኛው ከተማ ነው የመጣችው። መኪናዋን ሳታጠፋ ጡሩንባ ትነፋለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ መጠበቅ አትወድም። ሳላነበው «41» ብዬ ጽፌ ወረወርኩት።

ጥቅምት 10

ነገ ትርኢቱ ነው። ስፖንጅ ኬኬ መሃሉ ሰመጠ። ሁለተኛውም ሰመጠ። ወንበር አወጣሁ። ዱባ ቆጠርኩ። ቤሪል ሰባት ጊዜ ደወለች። ኬልቪን በጎቹን ጫነ፤ አላናገረኝም፤ እኔም። ካልሲ አንድ ዓይነት ፈልጌ አዘጋጀሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 11

ሁለት ቃል ልጻፍና ልሩጥ። ዳኛዋ ፈርዳለች። አንደኛ፦ የሰባት ዓመት ልጅ፣ «ሰውየው ዱባ ነው» የሚል፣ ሦስት መስመር። ሁለተኛ፦ ቤሪል። ሽንት ቤት ገብታ በር ቆልፋለች። ልሂድ።

ያው ቀን፣ ቤቴ

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ነገ አላምነውም።

ታሪኮቹ በሙሉ ግድግዳው ላይ፣ ከማርማላታው በላይ ተሰቅለዋል። ካርቶኑ ጥግ ላይ ነው። ከሥሩ ወይዘሮ ሉድሎው በቀይ ቀለም አስተያየቷን ለጥፋለች፦ «ታሪኩ ከፎቶው ጋር አይሄድም። ሰውየው መተኛቱ በግልጽ ይታያል። ጸሐፊው ፎቶውን ልብ ብሎ ቢያየው መልካም ነበር።» ሰዎች ቆመው ይስቃሉ። እኔም ለመሳቅ ሄድኩ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ይሄ ነው። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

«ሰውየው አልተኛም ነበር። ተኝቶ ነበር፣ ግን ነቃ። ጆሮው ትልቅ ስለሆነ የካልሲ ኮቴ ይሰማል። ዓይኑን በስሱ ገለጥ ቢያደርግ አንድ አረንጓዴ እግርና አንድ ግራጫ እግር ሲመጣ አየ። የማን እንደሆኑ አወቀ። አፉን ሊዘጋ ፈልጎ ነበር፣ ግን ከዘጋው መንቃቱ ይታወቃል። ስለዚህ እንደተከፈተ ተወው። ሴትየዋ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ‹እነዚህ ጆሮዎችህ እኮ ያምራሉ፣ አንተ ጅል› አለች። ሰውየው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ስለ ጆሮው ብዙ ተብሏል። ይሄ ግን ተብሎ አያውቅም። ዓይኑን ቢገልጥ የምትሸሽ መስሎት ፈራ። ደግማ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ክረምት ገባ፣ አላለችም። ሰሌዳ አቆመ። ሴትየዋ እሳት አደጋ ጣቢያ ስታስተምር ‹ማን እንዳነሳው ጠይቁ› የሚለውን ረሳችው። እኔ መጠየቅ አያስፈልገኝም።»

እግዚኦ! ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ሲኖር፣ እኔ ጋዝ አለቀብኝ እላለሁ!

ዞር ብል፣ እዚያው ከዱባዎቹ ጎን፣ እዚያው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ኬልቪን ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል። እንደዚያ አጥብቆ ጨፍኖ የሚተኛ ሰው የለም፤ ፊቱ እንደ ጥሬ ሎሚ ተኮማትሯል።

ጫማዬን አወለቅሁ። ሰው እያየኝ መሆኑን አውቃለሁ። በካልሲ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

ዓይኑን ሳይገልጥ «ዛሬስ አንድ ዓይነት ናቸው» አለ።

«ዓይንህን ግለጥ።»

«ትሸሺያለሽ።»

«ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው ኬልቪን፣ በዚህ ጉልበት የት እሸሻለሁ? ግለጥ ብዬሃለሁ!»

ቤሪል ከሽንት ቤት ወጥታ ከኋላዬ ደርሳለች። ካርቶኑንም አንብባዋለች፤ የምታነበው በድምጿ ነው። «ኖሪን! አንቺ ነሽ? ፎቶውን አንቺ ነሽ ያነሳሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማርማላታው ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ለወንበሩ አይደለም፣ ፋይል የሚባል ነገርም የለም! ምን ይሁን?»

ኬልቪን ዓይኑን ገለጠ።

ደገምኩለት። ጮክ ብዬ፣ ጅል የሚለውንም ጨምሬ። ጆሮዎቹ ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው ቀሉ። ከዚያ የወንበሩ እግር ተከፈተና መሬት ላይ ዘፍ አለ። ስለ ወንበሩ እግር የጻፍኩት እውነቴን ነበር ማለት ነው።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ ጭንቅላቱ በአጥሩ ላይ አላለፈም። ደነገጥኩ። ሁለት ጊዜ አየሁ። የለም።

በሩ ተንኳኳ። ባልዲውን ደፍቶ፣ ያንን «የሚሸጥ» የሚለውን ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ለዶሮዎቼ ማደሪያ ጥሩ በር ይሆናል አለ።

«ሰዎቹን ምን አልካቸው?»

«ማግፓይዋ አብራ አትሸጥም አልኳቸው። ያለ እሷ አንፈልግም አሉ።»

አልፎኝ ወደ ጓሮ ዞረና ሲሊንደሩን ነቅነቅ ሊያደርግ ጎንበስ አለ።

«ሙሉ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።